ብረቱ ወለላ ጋ ነው

«ብረቱ አሁንም ወለላ ጋ ነው። ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ቅዳሜ ይወጣል።»

የኋላሸት የጠቀለለው ጉርሻ አፉ ሳይደርስ እጁ አየር ላይ ቀረ። በስልክ የምታወራው የሟች ወንድሙ ሚስት፣ የወለላ እናት የብርጓል ናት፤ ጓዳ ገብታለች። በጓዳውና እሱ በተቀመጠበት ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ጋዜጣ የተለጠፈበት ስስ ጭቃ ነው፤ ወዲህ ያስነጠሰ ሰው ከወዲያ «ይማርህ» የሚባልበት ቤት። ኪራዩ በወር ሦስት ሺህ ብር ገብቷል ብላ ስታማርር የነበረውም አሁን ነው፣ ምሳውን ስታቀርብለት። «አያ የኋላሸት፣ ይብሉ እንጂ» ብላ ሰሃኑን ወደሱ ገፋ ስታደርግ ስልኩ ጮኸና ገባች። የኋላሸት ከደምበጫ ማዶ ካለው ቀበሌው አንድ ኩንታል ጤፍ ለእናቱ በአይሱዙ ጭኖ ደብረ ማርቆስ የደረሰው ጠዋት ነበር። በዚህ ዘመን መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ስለሚዘጋ፣ በተከፈተ ቀን ያልተንቀሳቀሰ ሰው ቤቱ ይቀራል። «አጎቷማ አልሰማም። እንዲሰማም አንፈልግም» አለች ደግሞ የብርጓል ከወዲያ። የኋላሸት ቀና ብሎ እናቱን አየ። እማሆይ ወለተ ኪዳን ጥግ ካለው አልጋ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይስቡ ነበር፤ ጣታቸው ቆሟል። ያ የቆመ ጣት ለእሱ በቂ ምስክር ሆነው። ጉርሻውን መልሶ ሰሃኑ ላይ አኖረው።

እንግዲህ በዚህ አገር ብረት ያለ ሰው ማረሻ ማለቱ አይደለም፤ ድስትም ማለቱ አይደለም። ምንም ሳይጨመርበት ብረት ከተባለ ጠመንጃ ነው። የኋላሸት ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ የሚፈልገው ብረት አለው፤ ሰደፉ ላይ በምስማር መስቀል የተጫረበት የአባቱ አምስት ጎራሽ ምንሽር። አባቱ ሲሞት የበኩር ልጁን ትቶ ለታናሹ ለድረስ አወረሰው። «አንተ እጅህ ይቀድምሃል» አለው የኋላሸትን፣ ቄስና ሽማግሌ ተቀምጠው እየሰሙ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ከጉሮሮው አልወረደም። ድረስ ከተማ ሲገባ ብረቱን ይዞት ገባ። ከአራት ዓመት በፊት ሉማሜ አጠገብ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ሲሞት፣ የኋላሸት እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ በይሉኝታ ጠብቆ ቢጠይቅ «ሌባ ወሰደው» አሉት። ሌባው ቤት ሰብሮ፣ ቴሌቪዥኑን በአክብሮት ትቶ፣ ጠመንጃውን ብቻ ይዞ ሄደ ማለት ነው። አላመነም፤ ልክም ነበር።

የብርጓል በስልክ ያወራችበት ብረት ግን ሌላ ነው። አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን፣ መሀሉ የጎበጠ ጠፍጣፋ ዘንግ ነው፤ ያለውም የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጇ የወለላ ደረት ውስጥ ነው። ወለላ ከተወለደች ጀምሮ የደረቷ አጥንት ወደ ውስጥ ሰርጎ ነበር። እያደገች ስትሄድ ጉድጓዱም አብሯት አደገ፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፣ በሰው ፊት ልብሷን አታወልቅም፣ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ነው የምትቀመጠው። ከሦስት ዓመት በፊት ከውጭ የመጡ ሐኪሞች አዲስ አበባ ላይ በነፃ ሠሩላት። ደረቷን አልቀደዱም። በግራና በቀኝ ጎኗ ጣት በምታህል ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው እያዩ፣ ብረቱን ከደረት አጥንቷ ሥር ከልቧ ፊት ለፊት አሳልፈው ሲገለብጡት የሰረገው አጥንት ተነሣ። «ሦስት ዓመት እዚያው ይቆያል፤ አጥንቱ ሲጠና እናወጣዋለን። እስከዚያ ደረቷን ምንም እንዳይመታት። ብረቱ ከዞረ ልቧን ነው የሚያገኘው» ተባሉ። የብርጓል ይህን ሁሉ ለዘመድ አልተናገረችም። ልጅቱ በብረት የተደገፈች ናት ከተባለ ነገ ማን ያገባታል ብላ ፈራች፤ «አስም ነው» አለች። እናም በዚያ ቤት ከሦስት ዓመት ወዲህ ብረት ማለት የወለላ ብረት ብቻ ሆነ። ዛሬ የደወለችው አዲስ አበባ ያለችው ነርስ ሲስተር ሕሊና ነበረች፤ የቅዳሜውን ቀጠሮ ልታረጋግጥ። የብርጓል አንዲት ቃል ጨምራ «የደረቷ ብረት» ብትል ኖሮ ቀኑ እንደ ማንኛውም ቀን ባለፈ ነበር። አልጨመረችም።

የኋላሸት እጁን ታጥቦ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ሰምቻለሁ አላላትም፤ ብትጠረጥር ታሸሸዋለች ብሎ ነው። ሽመሉን ትከሻው ላይ አጋድሞ የት እንደሚሄድ ሳያውቅ ሄደ፤ የባጃጆችን ጥሩምባ እንኳ አልሰማም። አረቄ ቤት ገብቶ መለኪያው ሃያ አምስት ብር ሆኗል ሲሉት አልተከራከረም፤ ደጋገመ። ያቃጠለው አረቄው አልነበረም። ያቃጠለው አማረ ነው። አማረ ድንበርተኛው ነው፤ በየዓመቱ የወሰኑን ድንጋይ አንድ እርምጃ ወደሱ ማሳ ያስጠጋል። በታኅሣሥ በመጥረቢያ እጀታ አፉን ብሎት ሦስት ጥርሱን አርግፎታል። የኋላሸትም ዝም አላለም፤ የአማረን በሬ ቋንጃ በማጭድ ቆረጠው። የበሬው ጩኸት እስከ ማታ ድረስ ከመንደሩ አልጠፋም፤ የኋላሸት ያን ጩኸት እየሰማ እራቱን በልቷል። ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ ተባለ። ታዲያ ባለፈው ሳምንት በደምበጫ ገበያ፣ ሰው በሞላበት፣ አማረ እየሳቀ መጣና እንደ ኬላ ፈታሽ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ጎኑንና ደረቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ባዶ ነው» አለ ለተሰበሰበው ሰው። ሰው ሳቀ። የኋላሸት ያን ሳቅ ተሸክሞ ነው ጤፉን ይዞ የመጣው። ብረቱን ዛሬ ካገኘ ነገ ጥዋት አማረን ማሳው ላይ ያገኘዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰበም። ማሰብ ለማይፈልግ ሰው አረቄ ቤት ጥሩ ቦታ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለስ የብርጓል በር ላይ ልብስ ታጥባለች። አልፏት ገባና «ነይ» አላት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች።

«ብረቱን አምጪ።»

«የምን ብረት? እሱ እኮ ተሰርቋል ተብሎ…»

አላስጨረሳትም። በመዳፉ ፊቷን ሲላት ከግድግዳው ጋር ተላተመች፤ ጋዜጣው ላይ የከንፈሯ ደም ታተመበት። ተነሥታ ልትወጣ ስትል በሽመሉ ጉልበቷን መታት፤ ወደቀች። የሚከብደው የመጀመሪያው ምት ብቻ ነው ይላሉ በጠብ ያደጉ ሰዎች፣ ከዚያ በኋላ እጅ ራሱ ይሄዳል። የኋላሸት እጅ ሄደ። ሳጥኑን በእርግጫ ሰብሮ የውስጡን ወለል ላይ ዘረገፈው፤ የድረስ ሙሉ ልብስ፣ የክርስትና ነጠላ፣ የወለላ የትምህርት ማስረጃ። ፍራሹን በቢላ ከላይ እስከ ታች ተረተረው። በማዳበሪያ ከረጢት የተሠራውን ኮርኒስ ጎትቶ ሲያወርደው የዓመታት አቧራና የአይጥ ኩስ አናቱ ላይ ፈሰሰበት፤ ያን ጊዜ ይብስ ተቆጣ። ከጓሮ መቆፈሪያ አምጥቶ አልጋው ሥር ያለውን መሬት ፈነቀለ። የብርጓል እግሩን ስትይዘው በተረከዙ ትከሻዋን ረገጣት። ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠላጥሎ «ምንድነው?» ሲል «የቤተሰብ ጉዳይ ነው!» አለው። ጎረቤቱ ወረደ። እንዲህ ሲባል የሚወርድ ጎረቤት እኔ እንኳ ስንቱን አውቃለሁ።

«እማሆይ፣ የት ነው ያለው?» አለ ወደ እናቱ ዞሮ፣ እያለከለከ።

እማሆይ መቁጠሪያቸውን ሳቡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። የሚያውቁትን ዋጡት። ምራታቸው ከፊታቸው መሬት ላይ ደም እየተፋች፣ እሳቸው አንዱን ፍሬ ወደ ሌላው ያሳልፋሉ። ጸሎት ነው ልንል እንችላለን። እኔ ፍርሃት ነው እላለሁ፤ የገዛ ልጃቸውን አርባ ስድስት ዓመት ሲፈሩት ኖረዋል።

ወለላ ከትምህርት ቤት የገባችው ይህን ጊዜ ነው። ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ፣ ቦርሳዋን በእጇ አንጠልጥላ፤ ጀርባዋ ላይ አታዝለውም፣ ሸክም ክልክል ነው። በሩ ላይ ቆማ የወረደውን ኮርኒስ፣ የተቆፈረውን መሬት፣ እናቷን አየች።

«ብረቱ አንቺ ጋ ነው አሉ» አላት የኋላሸት።

ልጅቱ ወደ እናቷ አየች። ሦስት ዓመት የደበቁት ምስጢር መውጣቱን፣ እናቷም የተመታችው እሷን ደብቃ መሆኑን ነው የተረዳችው። ሌላ ብረት በዚህ ዓለም ላይ መኖሩን እንኳ አላሰበችም።

«አዎ፣ አያ» አለች። «እኔ ጋ ነው። እማን አይምቷት።»

የብርጓል ያን ጊዜ ገባት። በክንዷ እየዳኸች «አይደለም! እሱ አይደለም፣ ሌላ ብረት ነው!» ብላ ጮኸች።

«ሁለት ነው እንዴ ያላችሁ?» አለ የኋላሸት፤ ሳቀም። ከዚያ ወደ ልጅቱ ሄደ። «አውጪው።»

«እኔ አላወጣውም። ቅዳሜ ነው የሚወጣው።»

«አሁን ነው የሚወጣው።»

ሽመሉን በሁለት እጁ አግድም ያዘና ደረቷ ላይ ገፍትሮ ከበሩ መቃን ጋር አጣበቃት። ልጅቱ ቦርሳዋን ጣለች። የብርጓል ስትጮህ እሱን ለማሳዘን የምትጮህ መስሎት አንዴ ጨመረ፤ አሁን ገፍትሮ ሳይሆን መትቶ። ወለላ አልጮኸችም። ከአፏ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ከዚያ እሱም ቀረ። እየተንሸራተተች ወረደች። የኋላሸት ሳትወድቅ በብብቷ ሥር አፈፍ አድርጎ ሲያነሣት ቀኝ መዳፉ ጎኗ ላይ ጠጣር ነገር አገኘ። ብረት ነው። ብረት በእጁ ያደገ ሰው ስለሆነ አልተሳሳተም። ቆርጠው አሳጥረው ሰውነቷ ላይ አስታጥቀዋታል ብሎ ሹራቡንና ሸሚዙን አንድ ላይ ይዞ ወደ ላይ ገለጠው።

መታጠቂያ የለም። ጎኗ ላይ ጣት የምታህል ጠባሳ አለች፤ ከጠባሳዋ ሥር፣ ከቆዳዋ ውስጥ፣ የብረቱ ጫፍ ቆዳውን ከታች ገፍቶ ቆሟል። ልጅቱ ለመተንፈስ ስትታገል አብሮ ይነቃነቃል። ደረቷም በአንድ ወገን ሰርጓል።

የኋላሸት ያን ስርጓት ያውቀዋል። ወለላ ክርስትና የተነሣች ቀን እዚያው ነበረ፤ ቄሱ ውሃውን ሲያፈሱባት ከሕፃኗ ደረት ላይ ወደ ታች አልፈሰሰም፤ መሀል ደረቷ ላይ፣ እፍኝ በምታህል ጉድጓድ ውስጥ፣ ቆመ። ሁሉም ሰው አየ፣ ሁሉም ሰው ዝም አለ። ድረስ ብቻ በነጠላው ጫፍ ቀስ ብሎ አደረቀላት። የኋላሸት ያንን ረስቶት ነበር፤ አሁን የወንድሙ እጅ ከነነጠላው ታየው። ልጅቱን እንዳቀፈ ተንበረከከ።

«ብረቱን የሸጥሁት እኔ ነኝ» አሉ እማሆይ ወለተ ኪዳን።

ድምፃቸው ቀጭን ነበር፣ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ሐኪሞቹ በነፃ ነው አሉ። መንገዱ ግን በነፃ አይደለም፤ የአልጋው፣ የምርመራው፣ የሁለት ወሩ ቆይታ። ሸጥሁት። አንተም ሰው ሳትገድልበት ይውጣልኝ ብየ ነው። በአንድ ብረት ሁለታችሁን አተርፋለሁ ብየ።»

«ለምን አልነገሩኝም?» አለ የኋላሸት።

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

ወለሉን አየ፤ የቆፈረውን ጉድጓድ። መልሱ እዚያ ነበር።

ባጃጁን ያስቆመችው የብርጓል ናት። በአንድ እግሯ እያነከሰች መሀል መንገድ ላይ ቆማ ነው ያስቆመችው። የኋላሸት ልጅቱን ተሸክሞ ከኋላ ገባ። የብርጓል ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ለሲስተር ሕሊና የሆነውን ስትነግራት በእንባ አልነበረም፤ እንደ ደረሰኝ ታነባለች። «ተመታች። አዎ፣ ደረቷን። በዱላ። አጎቷ» አለች። ከዚያ ሰማችና ወደሱ ሳታይ ደገመችለት። «አታጉብጣት። ጀርባዋን ቀጥ አድርገህ ያዝ። ብረቱ ዞሯል፤ ልቧ ላይ እንዳይተኛ።» ከሠርጓ ጀምሮ «እርስዎ» ትለው የነበረችው ሴት ናት። አንተ ያለችውን ሁለቱም ሰሙት። የኋላሸት ክንዱን ጣውላ አድርጎ ያዘ። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር የልጅቱ ጥርስ ይፋጫል፤ እሱ ደግሞ አረቄ አረቄ የሚለውን የገዛ ትንፋሹን ፊቷ ላይ እንዳይሄድ ወደ ጎን ያዞረዋል። አማረ ትዝ አላለውም። ገበያውም ሳቁም አልነበሩም። የነበረው ከመዳፉ ሥር የሚንቀሳቀሰው ጠጣር ነገር ብቻ ነው፤ እጁንም ማንሣት አይችል፣ መጫንም አይችል።

ወለላ ዓይኗን ገለጠች። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለባት «አያ» አለችው።

«አቤት» አለ። ለልጅ አቤት ብሎ አያውቅም።

«ብረቱን ፈልገው ከሆነ… ቅዳሜ ሲወጣ… እሰጥዎት ነበር። ይዛችሁት መሄድ ትችላላችሁ… ብለውናል።»

የኋላሸት አፉን ከፈተ፤ የረገፉት ጥርሶቹ ቦታ ብቻ ታየ። የብርጓል ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ባለ ባጃጁ በመስታወቱ አይቷቸው ፍጥነት ጨመረ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሰልፍ ነበር። በዚህ ዘመን ያለ ፍተሻ የሚገባበት ቤት የለም። ጠመንጃ ያነገተ ጥበቃ ከሰልፉ ራስ ላይ ቆሞ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲል የዋለውን ይላል። «ብረት የያዘ አለ? ብረት የያዘ ካለ ያስመዝግብ።» ሰው ልጅቱን አይቶ መንገድ ለቀቀላቸው። የኋላሸት ተሸክሟት ከጥበቃው ፊት ሲደርስ ሰውየው ጥያቄውን ደገመው።

«ብረት ይዘሃል?»

«አለ» አለ የኋላሸት።

ጥበቃው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ጠመንጃውን ደገነበት። የማቀባበሉ ድምፅ ሲሰማ ከኋላ ያለው ሰልፍ ተበተነ፤ አንዲት ሴት ሕፃኗ ላይ ተደፋች። የኋላሸት አልተንቀሳቀሰም። ቢተኩስበት ልጅቱን እንደሚያገኛት ስለገባው ትከሻውን ዞር አድርጎ በጀርባው ከለላት። ዛሬ ለእሷ ያደረገላት ነገር ይህ ብቻ ነው።

«የልጄ ደረት ውስጥ ነው» አለች የብርጓል፤ ከንፈሯ አብጦ ቃሉ በግድ ነው የወጣው። በጥበቃውና በልጇ መካከል ገብታ ቆመች። «የሕክምና ብረት ነው። ዞሮባታል። አስገቡን።»

ጥበቃው ልጅቱን፣ የእናቲቱን ፊት፣ ከዚያም ሽማግሌ ሊሆን የደረሰውን ሰውዬ አየ። የጠየቀው ነገር የለም። አፈሙዙን ወደ መሬት መልሶ «አልጋ!» ብሎ ወደ ውስጥ ተጣራ። ሁለት ሠራተኞች ባለ ጎማ አልጋ እየገፉ መጡ። የኋላሸት ጀርባዋን ቀጥ እንዳደረገ አስተኛት፤ መዳፉን ከጎኗ ሲያነሣ ሙቀቷ እጁ ላይ ቀረ። የብርጓል የአልጋውን ብረት ይዛ እያነከሰች አብራ ገባች። በሩ ሲዘጋ የወለላ አንድ እግር ጫማ ወልቆ ደጅ ቀርቶ ነበር። የኋላሸት አንሥቶት ሊከተል ሲል ጥበቃው በመዳፉ ደረቱን ገፍቶ አቆመው።

«አንተ አልተፈተሽክም» አለው።

እጁን ወደ ላይ አነሣ፣ ከነጫማው። ጥበቃው ጋቢውን ገልጦ ጎኑን፣ ወገቡን፣ በመጨረሻም ደረቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ወደ ባልደረባው ዞሮ፣ ቀኑን ሙሉ ሲል እንደዋለው፣ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ባዶ ነው፤ ይለፍ።»

የኋላሸት ግን አላለፈም። ጫማውን ይዞ እዚያው በሩ ሥር ተቀመጠ።